ዋስ የሌለው ቁጥር

አስካለ ወንድይፍራው ጠዋት ስትነሳ ፊቷን ከመታጠቧ በፊት ወልድያ ለሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ትደውላለች። ወንድሟ ስልኩን ያነሳና "አለሁ" ይላል። እሷም "ተመስገን" ብላ ትዘጋለች። ሌላ ወሬ የላቸውም። ወንድሟ ዋሷ ነው፤ እሱ በሕይወት እስካለና እስካልወደቀ ድረስ የቤቷ በር ይከፈትላታል፣ አውቶቡሱ ያሳፍራታል፣ ምድጃዋም ይሞቅላታል።

በ2094 ዓ.ም. አገሩ ሁሉ የሚያነጋው እንዲህ ነው። ድሮ ዋስ የሚጠራው ሥራ ለመቀጠር ነበር፤ ሰው ዋሱን በዓመት አንዴ ቢያስታውሰው ነው አሉ። ቀስ በቀስ ለቤት ኪራይ ሆነ፣ ከዚያ ለሕክምና፣ ከዚያ ለጋብቻ። በመጨረሻ ሁሉም ነገር በር ተበጀለትና በሩ ሁሉ "ዋስ?" ማለት ጀመረ። ዋሱ የሞተበት ወይም የወደቀበት ሰው ሌላ የሚፈልግበት ሦስት ቀን ይሰጠዋል። ስለዚህ ለቅሶ ቤት ድንኳኑ ሳይፈርስ ሐዘንተኞች ጆሮ ለጆሮ ሲንሾካሾኩ ብታይ ሟቹን የሚያሙ እንዳይመስልህ፤ ዋስ እየተለማመኑ ነው።

ማሽንም ዋስ አለው፤ ያውም ሰው። ማሽኑ ላወጣው ለእያንዳንዱ ቁጥር "ይህ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ እኔ እወድቃለሁ" የሚል አንድ ባለ ነፍስ ያስፈልጋል። ማሽንማ አይወድቅም፤ ወድቆስ የት ይገባል? አስካለ በጣርማ በር፣ ወደ ደብረ ሲና ከሚያወርደው የመኪና ዋሻ በላይ፣ ቀኑን ሙሉ ጉም ውስጥ በሚውለው የሰማይ ንባብ ጣቢያ "ዋዜማ" የምትባል የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ዋስ ናት። ዋዜማ ከምድር በላይ ትዞራለች። ወዴት እንደምታይ የሚወስነው "መዝገብ" የሚሉት ማሽን ነው። የአስካለ ሥራ መዝገቡ "ዋስ ይሆናሉ?" ሲል አውራ ጣቷን መስተዋቱ ላይ አሳርፋ "እሆናለሁ" ማለት ነው። በቀን አርባ ጊዜ ያህል ትለዋለች። በሠርጓ ቀን እንኳ የተጠየቀችው አንዴ ነበር።

ኅዳር ሦስት ቀን የሁለት የሞቱ ከዋክብት ግጭት ታየ። ግጭቱ የሆነው ሰው ገና ሳይፈጠር ነው፤ ብርሃኑ ነው ዛሬ የደረሰው። የጋማ ጨረሩ አንድ ሰከንድ ሳይሞላ ብልጭ ብሎ ጠፋ። መዝገቡ ከብልጭታው በኋላ የቀረውን ፍም እንድታይ ዋዜማን ወደዚያው አዞራት፤ አስካለም ዋስ ሆነች።

እንዲህ ያለ ፍንዳታ ጉልበቱን በሁሉም አቅጣጫ አይበትንም። ጫፉን በጣት እንደያዙት የውሃ ጎማ በሁለት ተቃራኒ ወገን ያፈናጥረዋል፤ ጄት የሚሉት ይህንን ነው። ጄቱ ጠባብ ከሆነ የኤክስሬይ ብርሃኑ በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ያዘቀዝቅና ግራፉ ላይ መስመሩ ይሰበራል። ሰፊ ከሆነ መስመሩ ሳይሰበር ሳምንታት ይዘልቃል። ነገሩ ይኸው ነው። አንድ ሰው ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ በር ተዘግቶበት የኖረውም ለዚሁ ነው።

ሰውየው ዶክተር ድልነሳው ናቸው፤ የጣቢያው የመጨረሻ ሳይንቲስት። ከእሳቸው በኋላ ሳይንቲስት የሚባል የሥራ መደብ አልቀረም፤ የቀረው ዋስ ብቻ ነው። ዶክተሩ የአንዲት ፍንዳታን የኋለኞቹን ሳምንታት ብርሃን አጥንተው "ጄቱ ሰፊ ነው፣ አሥራ ስድስት ዲግሪ ነው" አሉና ለገዛ ቁጥራቸው ዋስ ሆኑ። መዝገቡ ግን መረጃውን ከመጀመሪያዋ ሰዓት አንስቶ አይቶ መስመሩ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ተሰብሯል፣ ጄቱ ስድስት ዲግሪ ነው፣ እንዲህ ያለ ፍንዳታ ሰፊ ጄት የለውም አለ። ዶክተሩ ወደቁ። የወደቀ ሰው ዋስ አይሆንም፣ ዋስም አይጠራም። ሚስታቸው በሦስተኛው ቀን ሌላ ዋስ አግኝታ ሄደች። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ትናንት እጅ ሲነሷቸው የነበሩ ሁሉ "ድሮም ችኩል ነበሩ" ማለት ጀመሩ።

አስካለ ያኔ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር። ረዳታቸው ነበረች፣ ዋሷም እሳቸው ነበሩ። የራሷ መግቢያ ቁልፍ ስላልነበራት በእሳቸው ቁልፍ ትሠራለች፤ በዚያ ዘመን ነውር አልነበረም። ያቺ ፍንዳታ የታየች ዕለት ከሳተላይቶቹ ጋር ያለው ግንኙነት ተቋርጦ ኖሮ፣ አዳማ ያለ የሥራ ባልደረባ ሰዓቱን በስልክ ነገራት። "ስምንት ከአርባ" አላት። ሰውየው ከፊቱ ያነበበው ሳተላይቶች የሚቆጥሩበትን የዓለም ሰዓት ነው። አስካለ ግን በሐበሻ ሰዓት ሰማችው፤ ከቀኑ ስምንት ከአርባ። የተደወለላት ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ስለነበር ጆሮዋን አልቆረቆራትም። የእኛን ሰዓት ወደ ዓለም ሰዓት ለመመለስ፣ ለፈረንጅ አቆጣጠር ስድስት ተደምሮ ሦስት ስለሚቀነስ፣ በጠቅላላው ሦስት እንደሚደመር ታውቃለች፤ ትጉ ልጅ ነበረችና ደመረች። አሥራ አንድ ከአርባ ብላ በዶክተሩ ቁልፍ አስገባች።

በዚህች ሦስት ሰዓት ምክንያት ያልተሰበረው መስመር ለመዝገቡ የተሰበረ መሰለው።

ስህተቷን ያወቀችው ዶክተሩ ከወደቁ ከአራት ወር በኋላ ነው። ናርዶስን እያጠባች ሳለ፣ ማንም ሳይነግራት፣ ድንገት ትዝ አላት። ሕጉ ግልጽ ነው። ጥፋቱ የሌላ ሰው ሆኖ ከተገኘ የወደቀው ይነሳል፣ ያ ሌላ ሰው ይወድቃል፤ በእሱ ዋስትና ሥር ያሉትም በሦስት ቀን ሌላ ዋስ ካላገኙ አብረውት። በአስካለ ሥር ያለችው ጡቷን የያዘችው ልጅ ናት። "ጡት ትጣልና እናገራለሁ" አለች። ጡት ስትጥል "ትምህርቷን ትጨርስ" አለች። ናርዶስ በአሥራ ስምንት ዓመቷ ኩላሊቷ ደከመና በሳምንት ሦስት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት፣ በእናቷ ዋስትና ደብረ ብርሃን እጥበት ጀመረች። ከዚያ በኋላ አስካለ ለራሷም ቀጠሮ መስጠት ተወች።

የኅዳር ሦስቷ ፍንዳታ በታየች በአሥረኛው ቀን፣ እሑድ፣ አስካለ ዶክተሩን ልትጠይቅ ወደ ደብረ ሲና ወረደች። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ትወርዳለች። ጉሙ ዋሻው አፍ ላይ ይቀርና ቆላው ፀሐይ ይቀበላል። የወደቁ ሰዎች የሚኖሩት በአሮጌው የእህል መጋዘን ውስጥ በመጋረጃ እየተከፋፈሉ ነው። በር የላቸውም፤ በር ካለ ይጠይቃል። ጎረቤቶቹ አስካለን ባዩ ቁጥር "እንዲህ ያለ ተማሪ ይስጠን" ይሏታል። ይህን ስትሰማ የምትገባበት ይጠፋታል።

ዶክተር ድልነሳው ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ጋቢያቸውን ተከናንበው ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ሲተነፍሱ ደረታቸው ያፏጫል።

"ተሰበረ?" አሏት ገና ሳትቀመጥ፤ ስለ አዲሷ ፍንዳታ ባለፈው እሑድ ሰምተዋል።

"ጋሼ፣ ዋስ የሌለው ቁጥር አይነገርም፤ ያውቁታል።"

"ቁጥር መች ጠየቅሁሽ? ተሰበረ ወይስ አልተሰበረም ነው ያልኩሽ።"

አስካለ ዳቦውን ከፌስታሉ አወጣችና መቁረስ ጀመረች። ቀና አላለችም።

"አልተሰበረም" አሉ ዶክተሩ። "ቢሰበር ኖሮ ስታባብዪኝ ነበር የምትውዪው።" ሳቁና ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። በጨርቅ አፋቸውን ሸፍነው ብዙ ሳሉ። ጨርቁን አጣጥፈው ከእግራቸው ሥር ሲከቱት አስካለ ደሙን አየችው።

"ሰውነትዎ ከስቷል" አለች።

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔ ንጋት ትንሽ አርፍዷል እንጂ። ፋይሉ ከተከፈተ እነሳለሁ፤ ከተነሳሁ መጀመሪያ የምሄደው ጤና ጣቢያ ነው። መድኃኒቱስ ይቅር፤ በሩ 'ይግቡ' ሲለኝ ልስማው።"

እውነታቸውን ነው፤ ፋይሉ ይከፈታል። ሰው የወደቀበትን ቁጥር የሚቃወም ሌላ ቁጥር ሲገኝ የድሮው ፋይል ራሱን ይከፍታል፤ መዝገቡም ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይፈልጋል። አስካለ አውቶቡስ ላይ ሆና ወደ ጉሙ ስትመለስ ይህንኑ ስታሰላስል ነበር። በየቀኑ ግራፉ ፊት ተቀምጣ መስመሩን ስታይ ግማሽ ልቧ "ጽና" ይለዋል፣ ግማሽ ልቧ "ተሰበር" ይለዋል። በዚህ ራሷን ትጸየፍ ነበር።

ለናርዶስ ሌላ ዋስ ለማግኘት አምስት ሰው ለመነች። አምስቱም በትሕትና አዳመጧት፣ አምስቱም ስለ ኩላሊቷ ጠየቁ፣ አምስቱም "እናስብበት" አሉ።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ጠዋት ናርዶስ ለእጥበት ስትነሳ አስካለ ነጠላዋን እያስተካከለችላት ጠየቀቻት።

"ናርዲ፣ እኔ ባልኖር ማን ዋስ ይሆንሽ ነበር?"

"ምን ነካሽ እማዬ? አመመሽ እንዴ?"

"ዝም ብዬ ነው።"

"እንዲህ ያለ ነገር ዝም ተብሎ አይጠየቅም።" ልጅቷ በመርፌ በተበሳሳ ክንዷ ላይ እጅጌዋን ጎተተች። "አጎቴ አንዴ አንቺን ይዟል፤ ከአንድ ቤት ሁለተኛ ሰው፣ አንቺ ባትኖሪም፣ አይፈቀድለትም። ሌላ ሰው ደግሞ ለኩላሊት በሽተኛ ዋስ አይሆንም። በይ ሌላ ወሬ አምጪ፣ አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው።"

ጣቢያ ስትደርስ መዝገቡ እየጠበቃት ነበር።

"ወይዘሮ አስካለ፣ እንደምን አደሩ። ዋዜማ የኅዳር ሦስቱን ፍንዳታ ዛሬ ለመጨረሻ ጊዜ ታያለች። መስመሩ ዛሬም ካልተሰበረ ጄቱ ሰፊ መሆኑ ይረጋገጣል። ዋስ ይሆናሉ?"

እምቢ ማለት ትችላለች። ምክንያት አይጠየቅም። "አልሆንም" ካለች ዋዜማ ፊቷን ወደ ሌላ ታዞራለች፣ ፍሙም ይጠፋል፤ ነገሩ ሳይለይለት ይቀራል፣ ፋይሉም አይከፈትም። ማንም ጥፋተኛ አይላትም፤ እንዲያውም ጥንቁቅ ተብላ ትመሰገናለች። አውራ ጣቷን ከመስተዋቱ በላይ አንጠልጥላ ቆየች። ያ ከእግር ሥር የተከተተው ጨርቅ ፊቷ ላይ መጣባት። ከዚህ ወዲያ አልችልም አለች በልቧ፤ ይፈልጉና ያግኙኝ፣ እኔ ራሴ መናገር አቅቶኛል፣ እነሱ ይናገሩልኝ።

"እሆናለሁ" አለች።

መስመሩ አልተሰበረም። ከሰዓት በኋላ ቁጥሩ ወጣ፤ አሥራ ስድስት ዲግሪ። የዶክተር ድልነሳው ፋይልም ራሱን ከፈተ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ስድስት ቀናት አስካለ እንደ መንገደኛ ኖረቻቸው። ቤቱን አጸዳች፤ ለናርዶስ የመድኃኒት ሰዓቶቿን በወረቀት ጽፋ ግድግዳ ላይ ለጠፈች። በየጠዋቱ በሩ ሲከፈትላት ትደነግጣለች። ፍርሃቱ እንዳለ ሆኖ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ እንቅልፍ ወሰዳት። እሑድ ወደ ደብረ ሲና አልወረደችም፤ ዶክተሩ ከሌላ ሰው አፍ ሲሰሙት ባልኖር ይሻላል ብላ።

በሰባተኛው ቀን ረፋድ ላይ መዝገቡ በዚያ በማይቸኩል ድምፁ አነበበላት።

"የዶክተር ድልነሳው ፋይል ምርመራ ተጠናቋል። ያወጡት ቁጥር ትክክል ነበር። ፍንዳታውን ያየችው ሳተላይት ትታው የሄደችው መረጃ ተገኝቶ ተነጻጽሯል። ስህተቱ የሰዓት አቆጣጠር ስህተት ነው፤ የዓለም ሰዓት በአገር ሰዓት ተወስዶ ሦስት ሰዓት ተደምሮበታል። በዚህ አገር ሰዎች ዘንድ የተለመደ ነው።"

አስካለ ዓይኗን ጨፈነች።

"ሰዓቱ የገባው በራሳቸው በዶክተሩ ቁልፍ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የራሳቸው ስለሆነ እንደወደቁ ይቆያሉ። ለዚህ ውሳኔ ዋስ ያስፈልጋል። በወቅቱ በጣቢያው ከነበሩት ሠራተኞች አሁን በሥራ ላይ ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። የተጻፈው እውነት ለመሆኑ ዋስ ይሆናሉ?"

መጀመሪያ አልገባትም። ቆይቶ ገባት። ማንም አልፈለጋትም፣ ማንም አይፈልጋትም። ገፍተው ይጥሉኛል ብላ ነበር ሰውነቷን ያለማመደችው፤ አሁን ግን የሚገፋት የለም። መውደቅ ከፈለገች ራሷ መዝለል አለባት። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ናርዶስ አሁን አልጋው ላይ ናት፤ ደሟ ከሰውነቷ ወጥቶ በማሽኑ ውስጥ እየዞረ ነው፤ ለመጨረስ ሦስት ሰዓት ይቀራታል። ሦስቱ ቀን ለሕክምና አይሠራም፣ ዋስ የወደቀበት ሰው ማሽን ወዲያው ይቆማል ሲባል ሰምታለች። እውነት ይሁን አይሁን አታውቅም።

"እኔ..." አለች።

"አልሰማሁም። ይድገሙልኝ።"

ከመስኮቱ ውጭ ጉም ብቻ ነበር።

"እሆናለሁ" አለች አስካለ።

"እናመሰግናለን" አለ መዝገቡ፤ ቀጥሎም የሚቀጥለውን ጥያቄ ጠየቃት። የአንዲት ጋላክሲ ጉዳይ ነበር። ለእሷም ዋስ ሆነች።

ዕለቱን ከሰዓት በኋላ ወደ ደብረ ሲና ወረደች። ለምን እንደምትወርድ ለራሷም ግልጽ አልነበረም። መጋዘኑ ስትደርስ ዶክተር ድልነሳው ጎረቤት ያዋሳቸውን ኮት ለብሰው፣ ፂማቸውን ተላጭተው ተቀምጠዋል።

"አሥራ ስድስት!" አሉ ሲያዩዋት፤ ዕንባቸው ወረደ። "አገር ነገረኝ። አሥራ ስድስት፣ ልክ እንዳልኩት! መቼ ይመጣሉ?"

አስካለ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

"ጋሼ፣ አይመጡም።"

"እንዴት አይመጡም?"

"ሰዓቱ ነው። የያኔዋ ፍንዳታ ሰዓት በእኛ ሰዓት ተወስዶ፣ ሦስት ተደምሮበት ነው የገባው። ማሽኑን ያሳሳተው እሱ ነው።"

ዶክተሩ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ በጣቶቻቸው ቆጠሩ። "አሥራ አንድ ከአርባ... ስምንት ከአርባ..." ከዚያ ግንባራቸውን መቱ። "ወይ አበሻ! ወይ እኛ! ከዋክብት ሲጋጩ ለካን፣ ሰዓት መቁጠር አቃተን!" ሳቃቸው ቶሎ አለቀ። "ማነው ያስገባው?"

"በእርስዎ ቁልፍ ነው የገባው።"

"ቁልፌን እኮ ለአንቺም እሰጥሽ ነበር።"

"አዎ" አለች አስካለ።

ረጅም ጊዜ አዩዋት። አሁን ይጠይቁኛል አለች፤ ከጠየቁኝ እነግራቸዋለሁ። እንዲህ ብላ ማመኗን ከብዙ ጊዜ በኋላም ታስታውሰዋለች፤ ምናልባትም እውነቷን ነበር። ዶክተሩ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

"የለም። አንቺ ሆነሽ ቢሆን ኖሮ ትነግሪኝ ነበር። ሃያ አንድ ዓመት ዳቦ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ይህን የሚደብቅ አንጀት የለውም። እኔው ነኝ። ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበረኝም፤ እኔው ነኝ።" ትንፋሻቸው እያፏጨ ቆም አሉ። "ማሽኑን ስረግም ኖርኩ። ሰው በድሎኛል እያልኩ ኖርኩ። አንቺም ያኔ በእኔ ዋስትና ሥር ነበርሽ፣ ከነሆድሽ። ወንድምሽ ባይደርስልሽ በእኔ ዝንጉነት አንቺም ልጅሽም እዚህ መጋረጃ ውስጥ ነበራችሁ።"

"ጋሼ፣ ይተዉት..."

አልተዉትም። ግድግዳውን ይዘው ተነሱ፤ መልሰው በጉልበታቸው ተንበረከኩና በሁለት እጃቸው እግሯን ያዙ። በየመጋረጃው ስንጥቅ ጎረቤቶች ብቅ ብቅ አሉ። አስካለ ክንዳቸውን ይዛ ልታነሳቸው ሞከረች፤ ከበዷት። ይቅርታ የጠየቀ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይነሳም።

"ይቅር በዪኝ፣ ልጄ" አሉ፤ ሳሉ ይዟቸው ግንባራቸውን ጫማዋ ላይ አደረጉ። "ሳልሞት ይቅር በዪኝ።"

ሰዉ ሁሉ ይጠብቃል።

"ይቅር ለእግዚአብሔር" አለቻቸው አስካለ።